ፒንግ ይመልሳል፣ ብራውዘሩ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁም። የቤት ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የተገናኘ። ክሮምም ኤጅም በድንገት ገጽ መክፈት አቆሙ። ፋየርፎክስን በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩ፣ እሱም ያው ነው። በዚያው ራውተር ዋይፋይ የሚጠቀሙት ስልኮች ግን ምንም አልሆኑም። የሚገርመው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የኦንላይን ጨዋታ ያለችግር ይገባል፤ 8.8.8.8ን ፒንግ ሳደርግም (አለህ ወይ የሚል አጭር ጥያቄ ስልክም) መልስ ይመጣል።

እስካሁን ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጌያለሁ፣ የብራውዘሮቹን ካሽና ኩኪ አጽድቻለሁ። አንቲቫይረሱ ሙሉ ፍተሻ አድርጎ ምንም አላገኘም። ሰሞኑን የተለወጠ ነገር ካለ፣ አንድ ነጻ ቪፒኤን ጭኜ ስላልወደድኩት መልሼ አንስቼዋለሁ። ፎርማት ወደማድረግ መሄድ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?


ፈጣን_መልስ፦

ዲኤንኤስ ነው። ፒንግ እየሠራ ብራውዘር እምቢ ካለ ሁሌም ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ነው። የኔትወርክ ካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ በአይፒ ቨርዥን 4 ላይ 8.8.8.8 እና 8.8.4.4 አስገባ። ካልሆነ «ኔትወርክ ሪሴት» የሚለውን ተጫን፣ ሁሉንም ያስተካክላል።


ወደብ_53፦

«ሁሌም» በምትለው አልስማማም። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ሰርቨራቸውን የሚያገኙት በስም ፈልገው ነው። ጨዋታው ከገባ ዲኤንኤሱ ሳይሠራ አይቀርም። ኔትወርክ ሪሴትም እንዲህ በዋዛ የሚነካ ነገር አይደለም፤ የኔትወርክ ካርዶቹን በሙሉ አውጥቶ እንደ አዲስ ይጭናቸዋል፣ በእጅ ያስገባኸውን አይፒ ያጠፋል፣ ቪፒኤን ወይም ቨርቹዋል ማሽን ካለህ የእነሱን የኔትወርክ ክፍል እንደገና መጫን ሊኖርብህ ይችላል። ቢሳካ እንኳ ችግሩ ምን እንደነበር ሳታውቀው ያልፋል፣ ሲደገምም ከዜሮ ትጀምራለህ።

ምንም ሳትቀይር መጀመሪያ መስመሩ የት ጋ እንደተቆረጠ እንይ። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለህ ጽፈህ ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈት። ትእዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል ነው የማስቀምጣቸው፤ አንተ ስትተይባቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን።

አይፒኮንፊግ /ኦል

ከሚወጣው ዝርዝር የምትፈልገው ኢተርኔት የሚለውን ክፍል ነው። የአይፒ ቨርዥን 4 አድራሻው በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ የሰጠው ነው። እንደዚያ ከሆነ ኬብሉን፣ የራውተሩን ሶኬትና ራውተሩ ላይ ያለውን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) እይ፤ ብራውዘሩን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ ደህና ነው። «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለው መስመር (የራውተሩ አድራሻ ነው) ባዶ መሆን የለበትም፤ በሌላ ካርድ ስር ሁለተኛ ጌትዌይ ካየህ ደግሞ ያ ብዙ ጊዜ ቪፒኤን ጥሎት የሄደ ካርድ ነው። «ዲኤንኤስ ሰርቨርስ» የሚለው 127.0.0.1 ካለ፣ ጥያቄዎቹን እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ይቀበል ነበር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከተነሳ የሚመልስ አካል የለም።

ፒንግ 192.168.1.1

በቁጥሩ ቦታ ያንተን ጌትዌይ አድርግ። በኬብል ከ1 ወይም ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ ሊወስድ አይገባም። 8.8.8.8 ስለመለሰልህ ይህም እንደሚመልስ እገምታለሁ፣ ብቻ እየዘለለ የሚመልስ ከሆነ ኬብሉን ቀይር።

ኤንኤስሉክአፕ ኤግዛምፕል.ኮም
ፒንግ ኤግዛምፕል.ኮም

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያያቸው፤ ብዙ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። ኤንኤስሉክአፕ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን በቀጥታ ይጠይቃል፤ የዊንዶውስን ሆስትስ ፋይልም (ስምና አድራሻ በእጅ የሚጻፍበትን) ሆነ ዊንዶውስ ይዞ ያቆየውን ካሽ አያይም። ፒንግ ግን ዊንዶውስ ራሱ በሚሄድበት መንገድ ስሙን ይፈታል። ስለዚህ ኤንኤስሉክአፕ አድራሻ ሰጥቶ ፒንግ «ኩድ ኖት ፋይንድ ሆስት» ካለ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ የታመመው የዊንዶውስ የራሱ ወገን ነው። ያኔ አይፒኮንፊግ /ፍላሽዲኤንኤስ ብለህ ካሹን አጽዳ፤ ካልተለወጠ ሲ፦\ዊንዶውስ\ሲስተም32\ድራይቨርስ\ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ የሚባል ፋይል በኖትፓድ ክፈት። በመሰላል ምልክት (#) የማይጀምር፣ የምታውቀውን ድረ ገጽ ወደ 127.0.0.1 ወይም ወደ 0.0.0.0 የሚመራ መስመር ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁለቱም ትእዛዞች ስሙን መፍታት ካቃታቸው ግን የፈጣን_መልስ ምክር ትክክል ይሆናል። ፒንጉ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ቢልህ አትደንግጥ፤ ፒንግ የማይመልሱ ሰርቨሮች ብዙ ናቸው። እኛ የምንፈልገው ስሙ ወደ ቁጥር መለወጡን ብቻ ነው።

ከርል.ኢኤክስኢ -ቪ ኤችቲቲፒኤስ://ኤግዛምፕል.ኮም

ላንተ ጉዳይ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ከርል ያለ ብራውዘር ድረ ገጽ የሚያመጣ ትእዛዝ ነው፤ ከዊንዶውስ 10 እትም 1803 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ያለውን «ዶት ኢኤክስኢ» አትተው፤ በፓወርሼል መስኮት ከሆንክ ባዶውን ከርል የሚለው ቃል ሌላ ትእዛዝ ነው የሚጠራው። ከርል በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የተቀመጠውን ፕሮክሲ (የድረ ገጽ ጥያቄ የሚያልፍበትን አማላጅ) አያነብም፤ የኤችቲቲፒኤስ በር በሆነው ፖርት 443 ላይ በቀጥታ ይሄዳል። የገጹ ኮድ ስክሪኑ ላይ ከተዘረገፈ መስመሩ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ክፍት ነው፣ የቀረው ብራውዘሮች ብቻ የሚያነቡት ነገር ነው።

በመጨረሻም ክሮም ላይ ከስህተቱ መልእክት በታች በትንንሽ ግራጫ ፊደል የተጻፈውን ኮድ ሳትዘል ገልብጥልን። «ዲኤንኤስ ፕሮብ ፊኒሽድ ኤንኤክስዶሜይን» ካለ ስሙ አልተገኘም። «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ካለ ጥያቄው ሄዷል፣ መልስ ግን አልመጣም። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ከሆነ ደርሷል፣ በሩ ግን ተዘግቷል። «ኔትወርክ አክሰስ ዲናይድ» ካለ ብዙ ጊዜ የከለከለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋየርዎል ወይም አንቲቫይረስ ነው። «ሰርት ዴት ኢንቫሊድ» ካየህ ደግሞ ከሁሉ በፊት የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን እይ።

ከታች በስተቀኝ ባለው የኔትወርክ ምልክት አትመን። ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት አድራሻ አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል አውርዶ ይዘቷ የሚጠብቀው መሆኑን በማየት ነው «ኢንተርኔት አለ» ወይም «የለም» የሚለው። ያቺ አንዲት ፍተሻ ከተከለከለች ኢንተርኔት እያለም የለም ይልሃል።


ጀማሪው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ውጤቱ እነሆ። አይፒው 192.168.1.37፣ ጌትዌዩ 192.168.1.1 አንድ ብቻ፣ ዲኤንኤሱም 192.168.1.1 ነው። ጌትዌዩ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል። ኤንኤስሉክአፕም ፒንግም ስሙን ወደ ቁጥር ለወጡት። ከርል የገጹን ኮድ በሙሉ ዘረገፈው። ክሮም ላይ ከታች የተጻፈው «ኢአርአር ፕሮክሲ ኮኔክሽን ፌይልድ» ነው። እኔ ግን ፕሮክሲ የሚባል ነገር በእጄ አስገብቼ አላውቅም።


ወደብ_53፦

አንተ ባታስገባውም ሌላ አስገብቶልሃል። ዊንዶውስ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ «ድረ ገጽ ስትጠይቅ በዚህ በኩል እለፍ» የሚል ሴቲንግ አለ። ክሮምና ኤጅ እሱን ይከተላሉ። ፋየርፎክስ የራሱ ቦታ ቢኖረውም ሲጫን የሚመርጠው «ዩዝ ሲስተም ፕሮክሲ ሴቲንግስ» የሚለውን ስለሆነ አብሮ ወደቀ። ፒንግ ፖርት የሚባል ነገር ስለማያውቅ ፕሮክሲ አይመለከተውም፣ ጨዋታውም በራሱ መንገድ በቀጥታ ይገናኛል። ሦስቱም ብራውዘሮች እኩል ወድቀው ሌላው ሁሉ የሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ፕሮክሲ» ግባ። ከማጥፋትህ በፊት የተጻፈውን አድራሻና ፖርት መዝግብ፤ በኋላ ያስፈልገናል። 127.0.0.1 ከሆነ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የነበረ ፕሮግራም ነው፤ ቪፒኤኖች፣ የማስታወቂያ መከላከያዎችና አንዳንድ አንቲቫይረሶች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሲነሱም ሴቲንጉን ሳይመልሱ ይሄዳሉ። የማታውቀው የውጭ አድራሻ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከበድ ይላል፣ ምክንያቱም የምትጎበኘው ሁሉ በማይታወቅ ሰው ማሽን በኩል ሲያልፍ ነበር። ያኔ የይለፍ ቃሎችህን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መቀየር ይኖርብሃል።

ከመዘገብክ በኋላ «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» እና «ዩዝ ሴትአፕ ስክሪፕት» የሚሉትን ሁለቱንም አጥፋ። «አውቶማቲካሊ ዲቴክት ሴቲንግስ» የሚለው በርቶ ቢቀር ችግር የለውም፣ ዊንዶውስ ሲጫንም በርቶ ነው የሚመጣው። «ሴቭ» የሚል ቁልፍ ካለ ተጫነው፤ ሳይጫኑት እየወጡ «አጠፋሁት፣ አልጠፋም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ብራውዘሮቹን በሙሉ ዘግተህ ክፈት።

ማብሪያ ማጥፊያው ደብዝዞ አልነካ ካለህ በሬጀዲት (የዊንዶውስ ሴቲንግ መዝገብ ማስተካከያ) ከኤችኬይ ከረንት ዩዘር ስር ሶፍትዌር\ማይክሮሶፍት\ዊንዶውስ\ከረንትቨርዥን\ኢንተርኔት ሴቲንግስ ድረስ ሂድ። ፕሮክሲኢኔብል የሚለውን ከ1 ወደ 0 ቀይር፤ አውቶኮንፊግዩአርኤል የሚባል ካለ አጥፋው። ከዚህ በተጨማሪ የዊንዶውስ አገልግሎቶች የሚያነቡት ሌላ የፕሮክሲ ቦታ ስላለ እሱንም እይ፦

ኔትኤስኤች ዊንኤችቲቲፒ ሾው ፕሮክሲ

«ዳይሬክት አክሰስ» ካለ ንጹሕ ነው። ሌላ ነገር ከጻፈ በአድሚኒስትሬተር በተከፈተ መስኮት ኔትኤስኤች ዊንኤችቲቲፒ ሪሴት ፕሮክሲ በል።


ጀማሪው፦

127.0.0.1 ፖርት 8080 ይል ነበር። አጠፋሁት፣ ሁሉም ገጽ ወዲያው ተከፈተ! ሁለተኛው ቦታ ዳይሬክት አክሰስ ነው የሚለው። ግን ደስታዬ አልቆየም፤ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ሳደርገው ፕሮክሲው ራሱ ተመልሶ በርቷል፣ ያው አድራሻ ያው ፖርት። ባጠፋሁት ቁጥር ሲነሳ ይመልሰዋል።


የኬብል_ጫፍ፦

እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በፖርቱ ላይ ተቀምጦ ይቀበል የነበረው፣ ሁለተኛው ሴቲንጉን እየደጋገመ የሚጽፈው። ያንተ የመጀመሪያው ሄዷል፣ ሁለተኛው ቀርቷል። ለማረጋገጥ፦

ኔትስታት -ኤኤንኦ | ፋይንድስትር :8080

መካከል ያለው ቀጥ ያለ ሰረዝ ነው። «ሊስኒንግ» የሚል መስመር ካልወጣ ማንም እየሰማ አይደለም፤ ክሮም በሩ ላይ ቆሞ የሚከፍትለት አጣ ማለት ነው። ከወጣ ግን በመስመሩ መጨረሻ ያለውን ቁጥር ያዝ፣ ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» ላይ በፒአይዲ ቁጥሩ ፈልገው፣ ቀኝ ክሊክ አድርገህ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በል። ስሙና የተቀመጠበት ቦታ ማንነቱን ይነግርሃል።

አሁን የሚጽፈውን እንፈልግ። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን እይ፣ ግን እዚያ ብቻ አትቁም። እንዲህ ዓይነቶቹ የሚደበቁት ብዙ ጊዜ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ነው። ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪን ክፈትና «ትሪገርስ» በሚለው ዓምድ ስር «አት ሎግ ኦን» የሚሉትን አንድ በአንድ እይ፤ ከታች «አክሽንስ» ላይ የትኛውን ፋይል እንደሚያስነሱ ተጽፏል። ፋይሉ አፕዳታ፣ ፕሮግራምዳታ ወይም ቴምፕ ውስጥ ከሆነና ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ከሆነ ተጠራጠረው። አፕዳታ ውስጥ ሆኖ ጤነኛ የሆነም ብዙ አለ፣ ስለዚህ መጀመሪያ «ዲሴብል» አድርገህ ፕሮክሲውን አጥፋና ሪስታርት አድርግ። ካልተመለሰ ያኔ ታጠፋዋለህ።

ሁሉንም የማስነሻ ቦታ በአንድ መስኮት ማየት ከፈለግህ የማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ያወጣው አውቶራንስ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። «ሃይድ ማይክሮሶፍት ኢንትሪስ» የሚለውን ስታበራ የቀረው ዝርዝር አጭር ነው።

ይህ ሁሉ ካልያዘው እጅ ከፍንጅ የሚይዘው ፕሮሰስ ሞኒተር ነው፣ እሱም ከሲስኢንተርናልስ። ፊልተሩ ላይ «ፓዝ» «ኮንቴይንስ» ፕሮክሲኢኔብል፣ «ኦፐሬሽን» «ኢዝ» ሬግሴትቫልዩ አድርግ። ከ«ኦፕሽንስ» ሥር «ኢኔብል ቡት ሎጊንግ» መርጠህ ሪስታርት አድርግ፤ ዊንዶውስ ተነስቶ ፕሮክሲው ሲመለስ ፕሮሰስ ሞኒተርን ስትከፍት የተመዘገበውን እንድታስቀምጥ ይጠይቅሃል። ዋጋውን የጻፈው ፕሮግራም ስሙ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። መዝገቡ ትልቅ ስለሚሆን ዲስኩ ላይ ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑርህ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የክሮም ኤክስቴንሽን ፕሮክሲን መቆጣጠር ይችላል፤ ችግሩ ክሮም ላይ ብቻ ከሆነ (ያንተ አይደለም) መጀመሪያ ኤክስቴንሽኖቹን ነው የማየው። ሁለተኛ፣ ቪፒኤኑ ተነስቷል ብትልም ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ስር ታፕ ወይም ዊንታን የሚል ካርድ ቀርቶ እንደሆነ እይ፤ ከቀረ ቀኝ ክሊክ፣ «አንኢንስቶል»። ፓወርሼል ላይ ጌት-ዲኤንኤስክላየንትኤንአርፒቲሩል ብለህ አንድ ነገር ከወጣ ደግሞ ቪፒኤኑ የስም መፍቻ ደንብ ጥሎ ሄዷል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደንቡ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ ቤት ውስጥ ግን ባዶ ነው የሚጠበቀው።


ጀማሪው፦

ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ተገኘ። አት ሎግ ኦን ላይ የሚነሳ፣ አፕዳታ ሮሚንግ ውስጥ ያለ ፋይል የሚጠራ፣ ስሙ «አፕዴት ሄልፐር» የሚል። ዲሴብል አድርጌ ደጋግሜ አስነሳሁት፣ ፕሮክሲው አልተመለሰም። ፋይሉን ላጥፋው?


የኬብል_ጫፍ፦

አጥፋው፣ ግን ከዚያ በፊት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አስኪድ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ በሥራ ላይ እያለ የሚሸሸገውን ያገኛል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የከፈትከውን ሥራ አስቀድመህ ሴቭ አድርግ፣ ወዲያው ነው የሚዘጋው።


አሮጌ_ላፕቶፕ፦

ይህን ክር ለሚያነቡ፣ ፕሮክሲው ንጹሕ ሆኖ ሁሉም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ለሚላቸው፦ ቀኑን እዩ። ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ ጤነኛውን ሁሉ ውሸት ነው ይላል። ሰዓቱን አስተካክላችሁ ከሶኬት ሲነቀል እንደገና ወደ ኋላ ከተመለሰ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ አልቋል፤ በአብዛኛው ሲአር2032 የሚባለው ክብ የ3 ቮልት ነው። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀይሩት።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ዊንዶውስ 7 ላይ አንዳንድ ገጾች ብቻ እምቢ ካሉ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ድረ ገጾች ይደገፉበት የነበረ ዲኤስቲ ሩት ሲኤ ኤክስ3 የሚባል ዋና ሰርተፊኬት እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 ጊዜው አልፏል፤ አዲሱ ዋና ሰርተፊኬት ያልደረሳቸው አሮጌ ማሽኖች ከዚያ ወዲህ ይቸገራሉ። ፋየርፎክስ የራሱን የሰርተፊኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ቶሎ የሚገላግለው እሱ ነው፤ ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው የ115 ኢኤስአር እትም ነው። ክሮም እዚያ ላይ 109 ላይ ቆሟል።


ሞገድ፦

የእኔ ይለያል። ፕሮክሲ የለም፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ስሞችም ይፈታሉ። አንዳንድ ገጾች ወዲያው ይከፈታሉ፣ ሌሎቹ ክቡ እየዞረ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ይላሉ። የሚከፈቱትና የማይከፈቱት ሁሌም ያው ናቸው። በቤቱ ያሉ ላፕቶፖችም እንደዚሁ ናቸው። ራውተሩን ከቀየርን ወዲህ ነው። ከርልም በማይከፈቱት ላይ «ክላየንት ሄሎ» ብሎ ይቆማል።


የኬብል_ጫፍ፦

ከርሉ የቆመበት ቦታ ነው የነገረኝ። ክላየንት ሄሎ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ግንኙነቱን ሲጀምር ለሰርቨሩ የሚልከው ሰላምታ፣ ትንሽ ፓኬት ስለሆነ ያልፋል። ሰርቨሩ ሲመልስ ግን ሰርተፊኬቶቹን ጭኖ ፓኬቱን እስከ ጫፍ ሞልቶ ነው የሚልከው፣ እሱ መንገድ ላይ ይጠፋል። ፒንግ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ካልነገርከው በቀር 32 ባይት ብቻ ስለሚልክ ሁሌም «ደህና ነው» ይልሃል።

የኢተርኔት ፓኬት ልኩ 1500 ባይት ነው። የኢንተርኔት መስመርህ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባ ፒፒፒኦኢ ከሆነ 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ 1492 ብቻ ይቀራል። በደንቡ ከልክ ያለፈ ፓኬት ሲመጣ «ትልቅ ነው፣ አሳንሰው» የሚል መልእክት ወደ ላኪው መመለስ አለበት። መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል ያን መልእክት ከጣለው ሰርቨሩ ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። መልእክቱ የሚደርሳቸው ሰርቨሮች ይከፈቱልሃል፣ የማይደርሳቸው አይከፈቱም። የሚከፈቱትና የማይከፈቱት ሁሌም ያው የሆኑት ለዚህ ነው።

በዚህ ለካው፦

ፒንግ -ኤፍ -ኤል 1472 1.1.1.1

ሁለተኛው ፊደል ትንሹ ኤል ነው እንጂ የቁጥር 1 አይደለም። ኤፍ ማለት «ፓኬቱን አትቁረጥ» ነው። 1472 ያልኩት 20 ባይት የአይፒና 8 ባይት የአይሲኤምፒ ራስጌ ሲደመርበት 1500 ስለሚሞላ ነው። «ፓኬት ኒድስ ቱ ቢ ፍራግመንትድ» ካለ ወይም መልስ ካጣ በ1464 ድገመው። ያ ካለፈ ልክህ 1492 ነው። ካላለፈ በ10 በ10 እየቀነስክ የሚያልፈውን ፈልግ፣ ከዚያ በ2 በ2 ወደ ላይ ጫፉን አግኝ፣ ባገኘኸው ላይ 28 ደምር።

ማስተካከያው ራውተሩ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ነው የተቸገረው። የዋን ወይም የኢንተርኔት ሴቲንጉ ውስጥ ኤምቲዩ (የፓኬት ከፍተኛ ልክ) የሚለውን 1492 አድርግ፤ «ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ» የሚል ምርጫ ካለ አብራ፣ ቁጥር ከጠየቀህ 1452 ነው፣ ማለትም ከ1492 ላይ የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ 40 ባይት ተቀንሶ። ራውተሩ ይህን የማያስነካ ከሆነ በእያንዳንዱ ዊንዶውስ ላይ በአድሚኒስትሬተር መስኮት፦

ኔትኤስኤች ኢንተርፌስ አይፒቪ4 ሾው ሰብኢንተርፌስስ
ኔትኤስኤች ኢንተርፌስ አይፒቪ4 ሴት ሰብኢንተርፌስ "ኢተርኔት" ኤምቲዩ=1492 ስቶር=ፐርሲስተንት

የመጀመሪያው የካርዱን ስምና አሁን ያለውን ልክ ያሳይሃል፤ በጥቅሱ ውስጥ የምታስገባው እዚያ ያየኸውን ስም ነው። «ስቶር=ፐርሲስተንት» የሚለው ሪስታርት ስታደርግ እንዳይጠፋ ነው።


ወደብ_53፦

ሞገድ፣ የኬብል_ጫፍ ያለውን ከመቀየርህ በፊት አንድ ሌላ ነገር ለይ። ከርልን በ-4 እና በ-6 ለየብቻ አስኪደው። በ-4 ወዲያው ተከፍቶ በ-6 ከቆመ የታመመው አዲሱ ራውተር የሚያድለው አይፒ ቨርዥን 6 ነው፤ ያኔ የቨርዥን 4ን ኤምቲዩ ብትቀንስ ምንም አይለወጥም። ራውተሩ ላይ ቨርዥን 6ን አጥፍተህ ሞክር።


ሞገድ፦

በ-4ም ይቆማል። 1472 መልስ የለውም፣ 1464 ያልፋል። ራውተሩ ላይ ኤምቲዩው 1500 ተብሎ ነበር፤ 1492 አደረግኩት፣ ክላምፒንጉንም አበራሁ። እምቢ ይሉ የነበሩት በላፕቶፖቹም በዴስክቶፑም ተከፈቱ።